ለሐዋሳ ሐይቅ ፍላይ ስትሰሩ የቱን መንጠቆ ትመርጣላችሁ?

ፍላይ (መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ዓሳ እሚያታልሉበት ማጥመጃ) መስራት የጀመሩ ልጆች መጀመሪያ እሚጠይቁት የላባ ከለር ነው፣ መንጠቆውን ግን እጃቸው የገባውን ያነሳሉ። እኔ እምለው ተገላቢጦሹን ነው፣ መጀመሪያ የዓሳውን አፍ እዩ፣ ከዛ መንጠቆ ምረጡ፣ ላባው ይደርሳል።

የመንጠቆው መጠን ቁጥር ላይ ብዙ አንቆይ። ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ 14 ከ8 ያንሳል ማለት ነው፣ ቁጥሩ እያነሰ 1 ከደረሰ በኋላ ደሞ 1/0፣ 2/0 እያለ ይተልቃል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በዓይናችሁም አስተያዩት።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለመያዝ ከሆነ ሀሳባችሁ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሳ ገበያው ሂዱና ዓሳ ሲበለት አፉን ከፍታችሁ እዩ። ትንሽ አፍ ነው ያለው፣ ካደገ ደሞ ባብዛኛው አልጌ ነው እሚበላው፣ ስለዚህ ትልቅ ነገር አያባርርም። ከ10 እስከ 14 ያለው፣ ዘንጉ (ክር እሚጠመጠምበት ረጅሙ ክፍል) አጠር ብሎ ጎበጥ ያለ መንጠቆ ይሆነዋል፣ አረንጓዴ ክር ስትጠመጥሙበት ቁርጥ የውሃ ትል ይመስላል። ዋናው ነገር ግን ክፍተቱ ነው፣ በጫፉና በዘንጉ መሀል ያለው ማለቴ ነው። ክሩን እያወፈራችሁ ስትሄዱ ክፍተቱ ይሞላና ዓሳው ቢጎርሰውም ጫፉ እሚገባበት ቦታ ያጣል፣ ከዛ ሁሌ "ነክቶ ሄደ" ነው ወሬው። መንጠቆውን ጨብጦ እሚይዘው ሞርሳ ላይ እንዳለ በጎን እዩት፣ ቢያንስ የክፍተቱ ግማሽ ባዶ ካልሆነ ፍቱትና ቀጠን አርጋችሁ ስሩት።

አምባዛ ሌላ ነገር ነው፣ አፉ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ አጥንት፣ ጉልበቱ ደሞ ከባድ። ለሱ ከ2 እስከ 1/0፣ ወፍራም ሽቦ፣ ክፍተቱ ሰፊ። ትንሽ ዓሳ እሚመስል ፍላይ ስለምትሰሩለት ዘንጉ ረዘም ቢል ጥሩ ነው፣ ግን በጣም አይርዘም፣ ረጅም ዘንግ ዓሳው ሲታገል እንደ መፈንቀያ ሆኖ መንጠቆውን ያላቅቀዋል።

ዳር ላይ ሳርና ፊላ ባለበት ቦታ እምትጥሉ ከሆነ የጂግ መንጠቆ ፈልጉ፣ አንገቱ ጋ የታጠፈው ማለት ነው። አንገቱ ላይ ከባድ ዶቃ ሲገባበት ይገለበጥና ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሳር ቶሎ አይዘውም። ለሐዋሳ አንድ አይነት ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሱን ነው እምላችሁ።

ቀጭን ሽቦ ያለው መንጠቆ ውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ፍላይ ነው፣ ባሌ ወይብና ዳንካ ወንዝ ላይ ትራውት ለሚባለው ዓሳ ያምራል፣ እዚህ ግን እኔ አላስቀድመውም።

ስትገዙ ጫፉን የአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀስ አርጋችሁ ጎትቱት፣ ካንሸራተተ ደንዟል፣ ያዝ ካረገ ስለት አለው። ከፓኬቱ አንዱን ደሞ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ገፋ አርጉት፣ ቶሎ ከተሰበረ ወይ ተከፍቶ ከቀረ ያንን ፓኬት ተዉት።

ትናንሾቹን ዓሶች መልሳችሁ እምትለቁ ከሆነ ጫፉ ስር ያለችውን ወደኋላ የወጣች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት፣ ግን ክር ሳትጠመጥሙ በፊት ይሁን፣ አንዳንዱ መንጠቆ ሲጨፈለቅ ይሰበራልና ያኔ እሚጠፋው ባዶ መንጠቆ ብቻ ይሆናል።