ኮላጅን ቆራጩን ኢንዛይም ሳታበላሹ እንዴት ትሠሩበታላችሁ?

እዚህ አዲስ አበባ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ስለ ኤምኤምፒ-1፣ ማለትም ኮላጅንን (የቆዳና የአጥንት ዋና ፕሮቲን) ስለሚቆርጠው የሰው ኢንዛይም፣ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ፤ "ኤምኤምፒ-1 ገዛን፣ ኮላጅኑን ግን አልቆረጠልንም።" ብዙ ጊዜ ኢንዛይሙ ጥፋት የለበትም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። ይህ የሰው ጂን ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ የተመረተ ፕሮቲን ነው። ከባክቴሪያው ኮላጅኔዝ ጋር አታምታቱት። የባክቴሪያው ኮላጅንን ብዙ ቦታ ላይ ይከታትፈዋል። የሰው ግን ሦስት ሆኖ የተገመደውን ኮላጅን አንድ ቦታ ላይ ቆርጦ ሩብና ሦስት ሩብ አድርጎ ይከፍለዋል። ቲሹ በትናችሁ ሴል ማውጣት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ በዚህኛው ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ቲዩቡ ሲመጣ ባዶ ይመስላል። 10 ማይክሮግራም በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዴም ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሳትከፍቱት ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ አዙሩት። አብሮት በመጣው ወረቀት መሠረት ካሟሟችሁ በኋላ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ እየለካችሁ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት፣ ከዜሮ በታች 70 ወይም 80 ዲግሪ ውስጥ አስቀምጡት። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ። ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ቀረ፤ ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ስንከፍት ውሃ መሬት ላይ ይፈስ ነበር፣ ያለን ኢንዛይም ሁሉ ደግሞ እዚያው አንድ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ግማሹን ሌላ ክፍል ያለ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት።

ባፈሩ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚሠራበት ፈሳሽ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህ ኢንዛይም የሚቆርጠው በዚንክ ነው፣ ቅርጹን ይዞ የሚቆየው ደግሞ በካልሲየም ነው። ስለዚህ ትሪስ ፒኤች 7.5፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ 150 ሚሊሞላር ጨው፣ ትንሽ ብሪጅ-35 (ሳሙና መሰል ነገር) ይበቃል። ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ባፈር) አትጠቀሙ፤ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይይዘውና ባፈሩ ይደፈርሳል። ኤዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል ደግሞ ሁለቱንም ብረቶች፣ ዚንኩንም ካልሲየሙንም፣ ስለሚነጥቅ ኢንዛይሙን ያስቆመዋል።

ቀጥሎ ማንቃት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተኝቶ ነው፣ ከፊት ያለው ቁራጭ ዚንኩን ሸፍኖታል። ወረቀቱ "ፕሮ" ካለ 1 ሚሊሞላር ኤፒኤምኤ የሚባለውን ማንቂያ ኬሚካል ጨምራችሁ 37 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። እባካችሁ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ኤፒኤምኤ ሜርኩሪ አለው። ጓንት አድርጉ፣ የተረፈውን በተለየ ጠርሙስ አጠራቅሙ፣ ማጠቢያ ውስጥ በፍጹም አትድፉ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመን የሚያለማ ገበሬ አለ፣ ያ ጎመን ተመልሶ ገበታችን ላይ ይመጣል።

ቆረጣውን 25 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። ሙቀት ሲበዛ ግመዱ ይፈታል። ቅልጥም ተቀቅሎ ሲበርድ የሚረጋው እሱ የተፈታው ኮላጅን ነው፣ ጄላቲን የምንለው። እሱን ደግሞ ሌሎች ኢንዛይሞችም ይቆርጡታል፣ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥላችሁም። ጠረጴዛ ላይ ትታችሁትም አትሂዱ፤ የቂሊንጦ ሌሊት ከ25 ዲግሪ በጣም ይወርዳል።

ሦስት ቲዩብ አዘጋጁ፦ ኮላጅን ብቻ፣ ኮላጅንና ኢንዛይም፣ ኮላጅንና ኢንዛይም ከኤዲቲኤ ጋር። ጠዋት ሁሉንም በኤዲቲኤ አስቁሙ፣ አሙቁና ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየው ጄል ላይ ጫኑ። በፈላ ውሃ የምታሞቁ ከሆነ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ትንሽ ደቂቃ ጨምሩበት። ሁለተኛው ቲዩብ በተጫነበት መስመር ላይ ከዋናዎቹ የኮላጅን ባንዶች ዝቅ ብሎ የሦስት ሩቡ ባንድ ሲወጣ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ፈዘዝ ያለው ሩብ ሲታይ፣ የኤዲቲኤው መስመር ላይ ግን ሁለቱም ከሌሉ፣ ኢንዛይማችሁ ሠርቷል።