ውዝፍ ያለበት ቢል ሁለቴ ሲከፈል፦ ችግርና መፍትሄ

የመብራት ወይም የጋዝ ቢል ተወዝፎባችሁ ሳለ በስህተት ሁለቴ ከፈላችሁ እንበል። ደውላችሁ «አንዱን መልሱልኝ» ስትሉ መልሱ «ኧረ ገና ዕዳ አለብዎት» ይሆናል። እዚህ አሜሪካ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ከሚመጡ ወገኖች ቶሎ ቶሎ የምሰማው ይሄን ነው። ውዝፍ ከሌለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ወር ይያዛል ወይ ይመለሳል። ውዝፍ ካለ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የአካውንት ቁጥሩን አመሳክራችኋል፣ የባንክ ስቴትመንቱንም አውርዳችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ ባንክ ላይ ሁለት ክፍያ ይታያል፣ አንዱ «ፔንዲንግ» ይላል

አትንኩት። በካርድ ስትከፍሉ የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ገንዘቡን ብቻ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይለቀቃል። ሁለቱም «ፖስትድ» (ክፍያው ተጠናቋል) እስኪሉ ድረስ ሁለቴ ተከፈለ አይባልም። እስከዚያው ስትከፍሉ በኢሜይል የሚመጣውን የሁለቱንም ኮንፈርሜሽን (የክፍያ ማረጋገጫ) ቁጥር ያዙ። ኢሜይሉን አጥፍቶ «ግን ከፍያለሁ እኮ!» ለሚል ሰው ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

ምልክት፦ ሁለቱም ተወስዷል፣ መጠኑም እኩል ነው

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁሌም ኦቶፔይ፣ ማለትም በየወሩ በራሱ የሚወሰድ ክፍያ ነው። ቀዩ ወረቀት ይመጣል፣ ሊቆረጥ ነው ይላል። ሰው ይደነግጥና ስልኩን አንስቶ በካርድ ይከፍላል። ድሮ የእህት ልጅ «ላቅልልህ» ብሎ የሞላው ኦቶፔይ ግን እዚያው አለ። በማግስቱ እሱም የራሱን ይወስዳል። ብዙ ድርጅት ጋ መወሰጃው ቀን አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው በእጅ ብትከፍሉም ኦቶፔዩ አይቆምም፤ ትዕዛዙ ቀድሞ ወደ ባንክ ሄዷል።

ኦቶፔይ እያለ ውዝፉ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። አንድ ወር ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ይጠፋና ክፍያው ይመለሳል። ያ ወር ይወዘፋል። የወሩን ብቻ እንዲወስድ የተሞላ ኦቶፔይ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ልብ በሉ፣ ኦቶፔይ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል። አንዱ ድርጅቱ ዌብሳይት ላይ፣ ሌላው ባንካችሁ ውስጥ «ቢል ፔይ» በሚለው ስር። አንዱን አጥፍቶ «ጨረስኩ» የሚል ሰው አልጨረሰም! የባንኩ ቢል ፔይ ደግሞ አንዳንዴ ገንዘቡን የሚልከው በወረቀት ቼክ፣ በፖስታ ቤት በኩል ነው። አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ እንዲህ ነበር የተያዙት። ባንካቸው «ተልኳል» ይላል፣ ድርጅቱ «አልደረሰም» ይላል። ቆራጮቹ እንዳይመጡ ብለው በስልክ ድጋሚ ከፈሉ። ቼኩ ከቀናት በኋላ ተንገዳግዶ ደረሰ፤ እሱም ተመነዘረ። ቼኩ ገና ካልተመነዘረ ባንኩን «ስቶፕ ፔይመንት» ብላችሁ ማስቆም ትችላላችሁ፣ ለአገልግሎቱ ሊያስከፍሏችሁ ቢችሉም። ድርጅቱ ከሂሳባችሁ በየወሩ የሚወስደውን ለማስቆም ደግሞ ከመወሰጃው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ለባንኩ ንገሩ።

ምልክት፦ ሁለቴ ከፍያለሁ፣ ድርጅቱ ግን ትርፍ የለህም ይላል

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ውዝፉ 310 ዶላር፣ የዚህ ወር 180፣ ድምሩ 490 ነው እንበል። ሁለቴ 180 ከፈላችሁ፣ 360 ገባ። 130 ይቀራል። ሁለተኛው 180 አልጠፋም፣ ውዝፉ ውጦታል። ስለዚህ «ተበላሁ» ብሎ ስልክ ላይ መጮህ ከሠራተኛው ጋር ከማጣላት ሌላ ጥቅም የለውም።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ወስኑ። ገንዘቡ የቤት ኪራይ ነበር ወይስ ውዝፉ ላይ ቢቀር ትችላላችሁ?

ኪራይ ከሆነ ፍጥነት ነው የሚያዋጣው። ክፍያው ከባንክ ሂሳብ የተወሰደ ከሆነ፣ የተደገመውን ድርጅቱ ራሱ መቀልበስ የሚችለው በ5 የባንክ ሥራ ቀን ውስጥ ነው። በካርድ የከፈላችሁት ከሆነ ወደዚያው ካርድ እንዲመለስ ጠይቁ። ሁለቱን ኮንፈርሜሽን ቁጥር፣ ቀንና መጠን ንገሯቸው፤ «ይሄኛው ድግም ስለሆነ ይመለስልኝ» በሉ። ውዝፍ ስላለ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ሱፐርቫይዘር ጠይቁ፣ የሠራተኛውን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ጻፉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ስልክ ላይ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ፤ የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ።

ውዝፉ ላይ ይቅር ካላችሁ ደግሞ በነጻ አትተዉት። የመቁረጫው ትዕዛዝ እንዲነሳ፣ የመዘግየት ቅጣቱም እንዲሰረዝ ጠይቁ። ገንዘቡ ገብቶም መቁረጫው ሳይሰረዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ተሰርዟል ሲሏችሁ በኢሜይል እንዲልኩት አድርጉ።

ምልክት፦ የክፍያ ስምምነት ነበረኝ፣ ሁለቴ ከፈልኩ፣ ስምምነቱ ፈረሰ

ይሄኛው ያናድደኛል። ውዝፉን በየወሩ ከቢሉ ጋር እየከፈላችሁ ልትጨርሱ ተስማምታችኋል። አንድ ወር ሁለቴ ከፈላችሁ። «የሚቀጥለውን ቀድሜ ከፍያለሁ» ብላችሁ ዝም አላችሁ። ኮምፒውተሩ እንደዚያ ላያስብ ይችላል! ትርፉን ከጠቅላላው ውዝፍ ላይ ይቀንሰውና የሚቀጥለውን ወር እንዳልተከፈለ ይቆጥረዋል። ስምምነቱ ይፈርሳል፣ የቀረው ዕዳ በአንዴ ይጠየቃል። ትርፉ ለሚቀጥለው ወር እንዲያዝ ዛሬውኑ ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ። ጽሑፉ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አትዝለሉ።

ምልክት፦ ባንኩ መለሰልኝ፣ መብራቱ ግን ተቆረጠ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባንክ ሄዳችሁ «ይሄን ክፍያ አልፈቀድኩም» ብላችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ባንኩ ገንዘቡን ከድርጅቱ መልሶ ይጎትታል። በድርጅቱ መዝገብ ይሄ ልክ ስንቅ እንደሌለው ቼክ «የተመለሰ ክፍያ» ተብሎ ይገባል። የተመለሰ ክፍያ ቅጣት አለው። ስምምነቱም ሊፈርስ ይችላል። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ጥሬ ገንዘብ ወይም መኒ ኦርደር ካልሆነ አንቀበልም ይላሉ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ባንኩ ደግ ነው፣ ወዲያው ነው የመለሰልኝ» እያሉ የመቁረጫ ወረቀቱን ከቦርሳቸው ያወጡልኝ ዕለት የምለው ጠፍቶኛል። ደግሞም ራሳችሁ የሞላችሁትን ኦቶፔይ «አላውቀውም» ብሎ መፈረም ሐሰት ነው። አትፈርሙ። አትፈርሙ።

ወደ ባንክ የምትሄዱት አንድ ጊዜ ያዘዛችሁት ክፍያ በስህተት ሁለቴ ከተወሰደና ድርጅቱም እምቢ ካለ ነው። ያኔ የፌዴራሉ ሕግ ከእናንተ ጋር ነው። ስህተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ አሳውቁ። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን መርምሮ መወሰን አለበት። ካልጨረሰ ገንዘቡን ለጊዜው ሂሳባችሁ ውስጥ አስገብቶ በአብዛኛው እስከ 45 ቀን ሊያጣራ ይችላል። ለጊዜው የገባውን ግን እንደ ራሳችሁ ገንዘብ አታጥፉት፤ ከተፈረደባችሁ ይወሰዳል።

ሁለተኛው ክፍያ ሂሳባችሁን ከዜሮ በታች ካወረደው የኦቨርድራፍት ቅጣቱን እንዲያነሱላችሁ ባንኩን ጠይቁ። በጨዋ ደንብ ከጠየቋቸው አንድ ጊዜ የሚያነሱ ብዙ ናቸው።

ምልክት፦ ድርጅቱ ጭራሽ አልሰማም አለ

ደብዳቤ ጻፉ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። የሁለቱን ክፍያ ማስረጃ ኮፒ አያይዙ፣ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ። በሰርቲፋይድ ሜይል (ፖስታ ቤቱ ማስረጃ በሚሰጥበት አደራ ደብዳቤ) ላኩት። የመብራትና የጋዝ ጉዳይ ከሆነ ቀጥሎ አቤት የሚባለው ድርጅቶቹን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ዲሲና ሜሪላንድ ላይ ለየፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽናቸው፣ ቨርጂኒያ ላይ ለስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው። መጀመሪያ ድርጅቱን አነጋግራችሁ እንደሆነ ይጠይቋችኋል፤ የጻፋችሁት ስምና ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ሁለቱም ከከፈሉ፣ መፍትሄው ከላይ ያለው ነው።

ጎግል ላይ መጀመሪያ በወጣው ሊንክ ከከፈላችሁ፣ የድርጅቱ ያልሆነ ከፋይ ሊሆን ይችላል። ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ገንዘቡንም ዘግይቶ ያደርሳል። ቢሉ ላይ ከታተመው አድራሻ ውጪ አትክፈሉ።

ቤት ቀይራችሁ አንዱ ክፍያ ወደ ድሮው ቤት አካውንት ከሄደ፣ ሁለቴ አልከፈላችሁም፣ የተሳሳተ ቦታ ነው የከፈላችሁት። ሁለቱን የአካውንት ቁጥር ጠቅሳችሁ እንዲዛወር ጠይቁ። የድሮው አካውንት አሁን በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ከእናንተ ባንክ መውጣቱን የሚያሳየውን ስቴትመንት ጨምሩበት።