የወይን ማሳ አፈር ብዙ ጋዝ እንዳይለቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማሳውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲያሰሉ የሚቃጠለውን ናፍጣ ብቻ መቁጠር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ መቆጠር አለበት። ግን አፈሩም ናይትረስ ኦክሳይድ ይለቃል። በ100 ዓመት ስሌት የዚህ ጋዝ 1 ኪሎ 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያምቃል። ጭስ ስለሌለው ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ማዳበሪያን በልማድ መጨመር። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ወይን እንደ በቆሎ ብዙ ናይትሮጅን የሚፈልግ ተክል አይደለም። ሲበዛበት ቅጠሉ ይደራረባል፣ ፍሬው ጥላ ውስጥ ይቀራል፣ ሻጋታም ይከተላል። ተክሉ ያልወሰደውን ናይትሮጅን የአፈር ባክቴሪያዎች አግኝተው ከፊሉን ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለውጡታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው ስሌት ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶ ያህሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል ይላል። ጥቂት ከመሰላችሁ 273ቷን አስታውሱ። እባካችሁ፣ አፈሩን ወይም ቅጠሉን ሳታስመረምሩ ዩሪያ አትበትኑ።

ማዳበሪያና ብዙ ውሃን ማገናኘት። አፈር ውሃ ሲጠግብ ኦክስጅን ያጥረዋል። ያኔ ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬት (አፈር ውስጥ ያለ የናይትሮጅን ውህድ) ይጠቀማሉ፤ ጋዙም ይበዛል። ስለዚህ ማዳበሪያ ጨምሮ ማሳውን በውሃ ማጥለቅለቅ አይመከርም። የጠብታ መስኖ የሚያረጥበው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ይሻላል። ሆኖም ማዳበሪያው በአንዴ ከተላከበት፣ ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያው ችግር ይፈጠራል። ከፋፍሎ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ያዋጣል።

በረድፎቹ መሃል ደጋግሞ ማረስ። እርሻ አፈሩ ውስጥ አየር ያስገባል፤ የተከማቸው ካርቦንም ቶሎ በስብሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። መሃሉን ሣር ይሸፍነው። ባቄላና አተርም ጥሩ ናቸው፤ ግን ራሳቸው ናይትሮጅን ያመጣሉ። እነሱን ዘርቶ ዩሪያውን አለመቀነስ ትርፉን መልሶ ማጥፋት ነው።

የተገረዘውን ቅርንጫፍ ማቃጠል። ጤናማ ከሆነ ከትፋችሁ ረድፉ ላይ በትኑት።

ከአፈሩ የሚወጣውን ጋዝ አንዴ ለክቶ መደምደም። በድርቅ የከረመ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ልቀቱ በድንገት ይንራል፤ በቀናት ውስጥም ይወርዳል። ደረቅ ቀን መርጦ የለካ ሰው ማሳው ንጹህ ይመስለዋል። ከዝናብ፣ ከመስኖና ከማዳበሪያ በኋላ ለተከታታይ ቀናት ለኩ።