መጋቢት 8 የሴቶች ቀን አይደለም

ለሬዲዮ «ዛሬ በታሪክ» የሚል አጭር መሰናዶ ሳዘጋጅ 11 ዓመት ሆነኝ። የታዋቂ ሰዎች ልደት፣ ሙት ዓመት፣ የድል ቀን፣ የዓለም በዓላት፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። አሁን ሥራውን የሚለምዱ ወጣቶች አብረውኝ አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁም። ግን በቀደም አንዷ «ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን መጋቢት 8 ይከበራል» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። ይህንን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ማርች መጋቢት አይደለም። ማርች 8 በእኛ የካቲት 29 ነው። የወሩን ስም ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ መተው ቀን መቁጠር አይባልም። የእኛ መጋቢት የሚገባው ማርች 10 ነው፤ ወራቱ ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ አንድ ይመስሉናል። ኔልሰን ማንዴላ የተወለዱት ጁላይ 18 ቀን 1918 ነው። እኛ ጋ ሲመጣ «ሐምሌ 18» ይሆንና በየዓመቱ በሰባት ቀን ዘግይተን እናስታውሳቸዋለን። ትክክለኛው ሐምሌ 11 ቀን 1910 ነው። በ1954 አገራችን መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ልደታቸውን ማወቅ ይገባናል። የሠራተኞች ቀን ሜይ 1 እንዲሁ ሚያዝያ 23 ነው፤ ግንቦት 1 ብለው የሚጽፉ አሁንም አሉ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ «መስከረም 11» የሚለው ነው። በአሜሪካ መንትያ ሕንፃዎች የተመቱት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው። በእኛ ስንት ነበር? መስከረም 1 ቀን 1994። እንቁጣጣሽ! ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ልጆች አበባይሆሽ ብለው ዞረው፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው ያ ወሬ የደረሰን። በዚያን ዕለት ዶሮው ቀርቦ ማን ቤት እንደነበረ የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም። «መስከረም 11» ብለን ስንጽፍ ይሄ ሁሉ ትዝታ ይጠፋል። ሰሚው የራሱን ቀን አያውቀውም። እባካችሁ፣ ወይ «ሴፕቴምበር 11» በሉ፣ ወይ በትክክል ወደ እኛ መልሱት። መሀል ላይ አትቁሙ።

ዓመቱ ላይ ደግሞ ሁሉንም በስምንት መቀነስ አለ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ስምንት። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ራሴ ግን ተሳስቼበታለሁ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሴፕቴምበር መሆኑን ብቻ አየሁና ሰባት ቀንሼ «1953» ብዬ በአየር ላይ አነበብኩ። መሰናዶው ሳያልቅ አንድ አባት ደወሉ። «ልጄ፣ አበበ ሲያሸንፍ እኮ በማግስቱ ነው እንቁጣጣሽ የሆነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። ከዚያ ወዲህ ሴፕቴምበርን ባየሁ ቁጥር የእኚያ አባት ድምፅ ይመጣብኛል።

የድሮ ቀን ስትቀይሩ የዛሬውን ሰንጠረዥ አትመኑ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ይህ አይነቃነቅም። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። ጦርነቱ የተካሄደ ዕለት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። እኛ በ1891 ጳጉሜንን 6 አደረግን፤ ፈረንጆቹ ግን በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ አቆሙት። አንዷ ቀን የመጣችው ከዚያ ነው። የሩሲያ «የጥቅምት አብዮት» ኖቬምበር 7 ላይ የሚታሰበውም አገሩ ያኔ በአሮጌው አቆጣጠር ስለነበረ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሼክስፒርና ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስም «በአንድ ቀን ሞቱ» ይባላል። የሁለቱም ሞት ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ተብሎ ቢጻፍም እንግሊዝና ስፔን የተለያየ ካሌንደር ነበራቸው። በመሀላቸው አሥር ቀን ያህል አለ።

አሁን ደግሞ ልቤን ወደሚያሳምመኝ ልምጣ። በሐዘን ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት። የካቲት 12 በ1929 በግፍ ለተጨፈጨፉት የሰማዕታት መታሰቢያ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ በፈንጠዝያ ሙዚቃ ታጅቦ ሲነበብ ሰምቼ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ሰው ቤት ውስጥ እኮ አያቱ ያኔ የተገደሉበት ሰው አለ። ኤፕሪል 7 ሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋውን ማስታወስ የምትጀምርበት ቀን ነው፤ የእንኳን አደረሳችሁ ቀን አይደለም። ዓሹራ ለሺዓ ሙስሊሞች በካርባላ የተገደሉት ሑሴን የሚለቀስላቸው ዕለት ነው። ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሰዎቹ በዚህ ቀን ምን ያደርጋሉ? ይጨፍራሉ? ይጾማሉ? ሻማ ያበራሉ? አንዳንዱ ቀን ሁለቱንም ይዟል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ፋሺስቶች አዲስ አበባ የገቡበት ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡበት። የድል በዓል ሲነበብ የመጀመሪያውም ይነገር።

ዒድ በጨረቃ ነው፤ ከሳምንት በፊት ቀኑን ቆርጣችሁ አታውጁ። የቤተ እስራኤላውያን በዓል ሲግድ ከዮም ኪፑር (ከአይሁድ የስርየት ቀን) በ50ኛው ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ይዞራል። ሜይ 5 የሜክሲኮ የነፃነት ቀን አይደለም፤ ሜክሲኮዎች በፈረንጆቹ 1862 በፑዌብላ ጦርነት ፈረንሳዮችን ያሸነፉበት ድል የሚታሰብበት ነው። የነፃነቱ ሴፕቴምበር 16 ነው። ገናም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል እንጂ 29 አይሆንም። የሞተን ሰው ደግሞ «ዛሬ 100 ዓመት ሞላው» አትበሉ፤ «ከተወለደ 100 ዓመት» በሉ።

ጳጉሜን 6 የተወለዱ አድማጮች አሉን። ቀናቸው በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። የዛሬን ልደት ስንዘረዝር ሁልጊዜ ይዘለላሉ፤ ደውለው «እኛስ?» ይሉኛል። የሚቀጥለው በ2019 ነው። ስማቸውን በማስታወሻዬ ጽፌ ይዤላቸዋለሁ።