3816547290ን በስልክ ካልኩሌተር እንዴት እንፈትሻት

ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻ ታክሲ እስኪሞላ ስልካችሁን አውጡና 3816547290ን ሞክሯት። ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች አንድ አንዴ ብቻ ገብተውባታል። ከግራ እየቆረጣችሁ 38ን ለ2፣ 381ን ለ3፣ 3816ን ለ4 እያላችሁ እስከ 10 አካፍሉ፣ አንዱም ቀሪ የለውም! እኔማ 7 ላይ ትሰናከላለች ብዬ ነበር ግን 3816547 ለ7 ልክ 545221 ነው፣ ደስ ሲል።

ራሳችሁ ልታገኟት ካማራችሁ ወረቀት ያዙ። 10ኛው ቦታ የግድ 0 ነው፣ ስለዚህ 5ኛው 5 ይሆናል፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛና 8ኛው ቦታ ተጋማሽ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ በተለይ 4ኛውና 8ኛው ከ2 እና ከ6 ውጪ አይሆኑም። ለ9 አትጨነቁ፣ ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ስለሆነ ራሱ ይካፈላል። የቀሩትን እየሞከራችሁ ጣሉ፣ መጨረሻ ላይ እሷ ብቻ ነች የምትቀረው።