ቀላል ባለ አጭር አፈሙዝ ሪቮልቨር፦ ችግሩ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ሊገዛ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። ቀላሉ ኪስ አይጎትትም፣ ኮት አያዘምምም፣ ቀኑን ሙሉ ቢያዝ ወገብ አያደክምም። ነገር ግን ከብረቱ ላይ የተቀነሰው ክብደት ተመልሶ የሚመጣው በእጅ ላይ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች ከግዢ በኋላ የሚታዩ ቢሆኑም የብዙዎቹ ሥር ምርጫው ላይ ነው። ስለዚህ ሽጉጡ ያለው ሰው ለጥገና፣ የሌለው ደግሞ ለመምረጥ ሊያነበው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሰበታ ላይ መጋዘን ያለው፣ ሱሉልታ ላይ ከብት የሚያረባ፣ ገላን ላይ የሌሊት ጥበቃ የሚያድር፣ ሁሉም እኩል ነው። ፈቃዱ ላይ የሰፈረው የመለያ ቁጥር ከሽጉጡ ጋር መግጠሙን፣ የት ይዞ መሄድ እንደሚቻልና ስንት ጥይት እንደተፈቀደ ሽጉጡን ሳይረከቡ ይጠይቁ። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ በርካሽ ቢገኝም አይግዙት።

ማንኛውንም ምርመራ ሲጀምሩ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ፣ ሲሊንደሩን ይክፈቱ፣ ጥይቶቹን ያውጡ፣ አምስቱንም ጉድጓድ በዓይን አይተው በጣት ጫፍ ዳስሰው ይቁጠሩ። የወጡት ጥይቶች ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ እንዳይተዉአቸው፤ «ባዶ መስሎኝ» የሚባለው አደጋ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ጥይት ሲተኮስ እጅ ያማል፣ ሦስተኛውን መተኮስ ያስጠላል

መንስኤው ክብደቱ ነው። አራት ሽጉጦችን ጎን ለጎን እንያቸው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 36 ሙሉ ብረት ሲሆን ባዶውን ወደ 550 ግራም ይመዝናል። ሞዴል 642 የአሉሚኒየም አካል አለው፣ ወደ 420 ግራም ነው። የሩገር ኤልሲአር ከፊሉ ፕላስቲክ ሆኖ ወደ 380 ግራም ይወርዳል። 340 ፒዲ የሚባለው የስካንዲየም ቅይጥ አካልና የቲታኒየም ሲሊንደር ይዞ ወደ 330 ግራም ብቻ ነው። አራቱም አምስት ጥይት ይጎርሳሉ። የነዚህ ሽጉጦች የተለመደ ጥይት የሆነው .38 ስፔሻል አንዱ ወደ 15 ግራም ስለሚመዝን አምስቱ ሲገቡ 75 ግራም ይጨመራል።

ጥይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሽጉጡ ሲቀል የኋላ ግፊቱ በዚያው ልክ ያድጋል። ጥይት በጎረሰ 340 ፒዲ ላይ እጅ የሚቀበለው ጉልበት በሞዴል 36 ላይ ከሚቀበለው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ይህ ለስላሳ በሆነው .38 ስፔሻል ነው። 340 ፒዲ ከ.38 የሚበረታውን .357 ማግነምም ይቀበላልና ያኔ መዳፍ ይቆስላል፣ ተኳሹም ከዚያ በኋላ ልምምድ ይሸሻል።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ሲሄድ ርካሹ ይቀድማል። የመጀመሪያው እጀታ መቀየር ነው፦ የእንጨቱን ትንሽ እጀታ አውልቆ ትንሿ ጣት የምታርፍበት፣ የአካሉን የኋላ ብረት የሚሸፍን የጎማ እጀታ ማስገባት። ሁለተኛው ጥይት ማለስለስ ነው፦ «+ፒ» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ግፊቱ ከፍ ያለውን ትቶ መደበኛውን .38 መጠቀም። ከ50 ሚሊሜትር ባነሰ አፈሙዝ ውስጥ የተጨማሪው ባሩድ ብዙው ክፍል ከአፈሙዝ ውጭ ነበልባል ሆኖ ይቀራል። በዚህም ካልተስተካከለ ሽጉጡን መቀየር ነው። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ለኪስ ከ380 እስከ 450 ግራም፣ ለወገብ ሙሉ ብረት። 330 ግራሙን እጁን ለዓመታት ላላመደ ሰው አንመክርም፣ ዋጋውም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ምልክት፦ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል

መጀመሪያ እጅን ከሽጉጥ ይለዩ። ለተኩስ በተፈቀደ ቦታ፣ ከ7 ሜትር፣ እጆችዎን የአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈው አምስት ጥይት ይተኩሱ። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ዝቅ ካሉ ምክንያቱ ጥይቱ ነው፤ የነዚህ ሽጉጦች ማነጣጠሪያ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው ለ158 ግሬን፣ ማለትም ለ10.2 ግራም እርሳስ (ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው የጥይቱ ጫፍ) ነው። ቀላል እርሳስ ፈጥኖ ይወጣል፣ አፈሙዙ በግፊቱ ብዙ ሳይነሳ ስለሚያመልጥ ዝቅ ብሎ ይመታል። ክብደቱን ወደ 158 ይመልሱት።

ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ግን ምላጩ ነው። የውስጥ መዶሻ ያለው ሪቮልቨር ምላጩን ለመሳብ 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ በ5 ኪሎ ሲሳብ አብሮ ይዘምማል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት «ሞላውን አስቀንስልኝ» ብሎ ወደ ብረት ሠራተኛ መሄድ ነው፤ ውጤቱን «ጠቅ» በሚለው ክፍል ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ ልምምድ ነው፦ ባዶነቱ ሁለቴ በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ አፈሙዙ ጠንካራ ግንብ እያየ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ምላጩን በአንድ ወጥ ፍጥነት መሳብ። የፊት ማነጣጠሪያው ሥር አንዲት ሳንቲም ይቀመጥ፤ ሳትወድቅ መዶሻው ከተመታ እጁ ተስተካክሏል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ መዶሻው ላይ የተተከለበት አሮጌ ሽጉጥ ግን እንዳይሰበር የተተኮሰ ቀለህ አስገብተው ይለማመዱ። ግቢ ውስጥ በጥይት መሞከር አይታሰብም። ኮዬ ፈጬም ሆነ ለገጣፎ ዛሬ ቤት ከቤት ተያይዟል፣ ወደ ሰማይ የተላከም እርሳስ የሚያርፍበትን አይመርጥም።

ምልክት፦ ሲሊንደሩ አልዞርም ወይም አልከፈትም ይላል

የቀላል ሪቮልቨር ዋናው በሽታ ይህ ነው። አራት መንስኤዎች አሉት፣ አራቱም የሚለዩት መቼ እንደሚከሰቱ በማየት ነው።

ሦስትና አራት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ድንገት ከቆመ፣ ያልተተኮሰው ጥይት እርሳስ ከቀለሁ ወጥቷል ማለት ነው። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲስፈነጠር ቀለሁ አብሮት ይሄዳል፣ እርሳሱ ግን ባለበት መቆየት ይፈልጋል፤ ልክ የተላላ መዶሻ ራስ በእጀታው ላይ እንደሚሸሽ። ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። እርሳሱ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ሲል አካሉ ላይ ይጠመዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የአንዱን ጥይት ርዝመት በካሊብሮ ለኩ፣ ምልክት አድርጉበት፣ አራቱን ተኩሳችሁ እሱን ሳይተኮስ አውጡና እንደገና ለኩት። ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም፤ ካርቶኑ ቢሞላም ለልምምድ እንኳ አይያዝ። የቀለሁ አፍ እርሳሱ ላይ በደንብ የተጨመቀ ፋብሪካ ሠራሽ ጥይት ይምረጡ። እጅ ሥራ የሆነ ድጋሚ የተሞላ ጥይት በቀላል ሽጉጥ አይሞከርም።

ሽጉጡ አዲስ ጥይት እንደጎረሰ ወዲያው ከከበደ፣ ኮከብ መሰሉ ቀለህ ማውጫ ሥር ያልተቃጠለ ባሩድ ገብቷል። የአሸዋ ቅንጣት ታህል ብትሆንም ትበቃለች። ከሲሊንደሩ ፊት ያለውን ገፊ ዘንግ ተጭነው ኮከቡን ከፍ ያድርጉ፣ ሥሩንና መቀመጫውን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ። እዚያ ዘይት አይጨመርም፤ ዘይት ቀጣዩን ባሩድ ይይዘዋል።

ሲሊንደሩ ባዶም ሆኖ ለመክፈት ካስቸገረ ገፊው ዘንግ ከጥርሱ ላልቶ ወደ ፊት ረዝሟል። በዘመናዊ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ጥርሱ ግራ ዞር ነው፤ እንደ ተራ ብሎን ላጥብቅ ያለ ሰው ይፈታዋል። ኮከቡ እንዳይጣመም ሁለት ሦስት ባዶ ቀለህ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው ዘንጉን በጨርቅ ይዘው በጣት ያጥብቁ፣ በፒንሳ አይንከሱት። በዚሁ አጋጣሚ የጎን ብሎኖችንም ይፈትሹ፤ የአሉሚኒየም አካል በግፊቱ ብሎን ያላላል። ልኩ የሆነ ካቻቪቴ ከሌለ ግን አይነኩም፣ ጥርሱ የተበላ አሉሚኒየም አይመለስም።

አራተኛው መንስኤ እጅ ነው። በጥድፊያ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ሳይለቁ ደግመው ከሳቡት ይቆልፋል፣ ወይም አንድ ጉድጓድ ዘሎ ያልፋል። ጣቱን እስከ መጨረሻው ይልቀቁት፣ ራሱ ይስተካከላል።

ምልክት፦ «ጠቅ» ብሎ አይተኩስም

ልምምድ ላይ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳቀና 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚቀጣጠል ጥይት አለ። ከዚያ ያውጡትና የቀለሁን ቂጥ ይዩ፣ መልሱ እዚያ ተጽፏል። መርፌው የተወው ጉድጓድ ጥልቅና መሃል ላይ ከሆነ ሙቱ ጥይቱ ነው፦ እርጥበት ወይም የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ገብቶበታል። ጉድጓዱ መሃል ላይ ሆኖ ስስ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ ወይም አንድ ሰው ቀንሶታል፣ ወይም ውስጡ ግራሶ ደርቋል። የፋብሪካውን ሞላ ይመልሱ፣ የተቆረጠ ሞላ አይረዝምም። ጉድጓዱ ወደ ዳር ካጋደለ ሲሊንደሩ ከመዶሻው ጋር ጊዜ አይገጥምም፤ ይህ በቤት የሚጠገን አይደለም፣ ሊገዙት ያዩት አሮጌ ሽጉጥ ከሆነም ይተዉት።

ከ«ጠቅ» የባሰ ድምፅ አለ፦ «ጵፍ»። ባሩዱ ሳይቃጠል ካፕሱሏ (መርፌው የሚመታት፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው) ብቻ እርሳሱን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ አስቀርታዋለች። በዚያው ቅጽበት ይቁሙ። ጥይቶቹን አውጥተው ከኋላ በኩል ብርሃን በአፈሙዙ ውስጥ ያሳዩ። ብርሃን ካላለፈ ቀጣዩ ጥይት አፈሙዙን ያሳብጠዋል ወይም ያፈነዳዋል። የታሰረው እርሳስ የሚወጣው በባለሙያ እጅ፣ ልኩ በሆነ የነሐስ ዘንግ ነው።

ምልክት፦ ቀለሁ ተጣብቆ አይወጣም

የአጭር ሽጉጥ ገፊ ዘንግም አጭር ነው፣ ቀለሁን ጨርሶ አይገፋውም። አፈሙዙን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ ያቁሙና ዘንጉን በመዳፍ አንድ ጊዜ በኃይል ይምቱት። ቀስ ብሎ የገፋው ወይም አጋድሞ የያዘው ሰው አንዱ ቀለህ ኮከቡ ሥር ይገባበታል። ያ ከሆነ ኮከቡን ከፍ እንዳለ ይዘው ቀለሁን በጥፍር ወደ ኋላ ጎትተው ያውጡት። በ.357 ሽጉጥ .38 አዘውትሮ የሚተኩስ ደግሞ ጉድጓዶቹ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ያገኛል፤ የ.357 ቀለህ በ3.4 ሚሊሜትር ስለሚረዝም ያ ቀለበት ላይ ይጣበቃል። በነሐስ ብሩሽ ይነሳል። የቲታኒየም ሲሊንደር ግን በናይሎን ብሩሽ ብቻ፤ የድስት መፈተጊያ ሽቦም ብርጭቆ ወረቀትም አይነካውም።

ምልክት፦ ዝገት፣ አቧራ፣ የደነደነ ዘይት

ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ ለሚያሳልፍ የከተማ ዳር ነዋሪ ይህ የማያቋርጥ ሥራ ነው። ላምባ ጥላሸት ያላቅቃል፣ ከዝገት ግን አይከላከልም፤ ከላምባ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አድርቆ ስስ የማሽን ዘይት መቀባት ግድ ነው። የምግብ ዘይት በሳምንታት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆናል። ቆዳ ማህደር ላብና ዝናብ ይዞ ስለሚቆይ ሽጉጥ አያድርበትም፤ ሌሊት ወጥቶ በሚቆለፍ ሣጥን ይግባ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ቁልፉ ከሣጥኑ ጋር አይቀመጥም። ጥቁር ቀለም ያለው ብረት ቆዳ ላይ በሚያርፍበት ጎን ቀድሞ ይዝጋል፤ ላብ የሚበዛበት ሰው የማይዝግ ብረት ይምረጥ።

ምልክት፦ ኪስ ውስጥ ይገለበጣል፣ ሲወጣ ይጠለፋል

ማህደር የለውም፣ ወይም መዶሻው ወጣ ያለ ነው። ለኪስ የውስጥ መዶሻ ያለው ይመረጣል። የኪስ ማህደሩ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ኪሱን ይዞ የሚቀር ይሁን። ያ ኪስ የሽጉጡ ብቻ ነው፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ስልክ አይገቡበትም፣ በሳምንት አንዴም ከብናኝ ይራገፋል። ታክሲና ባጃጅ ላይ ሲቀመጡ የሚንሸራተት ከሆነ ኪሱ ሰፊ ነው። ወገብ ላይ ከሆነ የሚያዘምመው ቀበቶው ነው፣ ድርብ ቆዳ ያስፈልገዋል። ጋቢ እጥፋት ውስጥ ወይም ያለ ማህደር ቀበቶ ሥር መሸጎጥ ምላጭን ለጨርቅ መስጠት ነው።

ምልክት፦ «38 ነው» ተብሎ የተገዛ ጥይት አይገባም

በጣልያንና በእንግሊዝ ዘመን የመጡ አሮጌ ሪቮልቨሮች ዛሬም በውርስ ይገኛሉ። የእንግሊዞቹ ኤንፊልድና ዌብሊ ላይ «38» ቢባልም ጥይቱ .38 ኤስ ኤንድ ደብሊው ነው፦ ቀለሁ 20 ሚሊሜትር ያህል፣ ከ29 ሚሊሜትሩ .38 ስፔሻል ያጠረና የወፈረ። ጉድጓዱን አስፋፍተው ረጅሙ እንዲገባ ያደረጉት ሽጉጥ አደገኛ ነው፤ ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ግፊቱም ለዚያ ብረት አልተሠራም። የጣልያኑ ቦዴዮ 10.35 ሚሊሜትር፣ የሩሲያው ናጋንት 7.62 ነው፤ የማካሮቭ ጥይት ለአንዳቸውም አይሆንም። የሚገጥም ጥይት በሕጋዊ መንገድ የማይገኝለት ሽጉጥ የግድግዳ ጌጥ ነው።

እነዚህ አሮጌዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዘመናዊዎቹ ሽጉጡ ቢወድቅ መዶሻው ካፕሱሏን እንዳይነካ የሚከላከል ብረት በውስጣቸው አላቸው፣ አምስቱም ጉድጓድ ሊሞላ ይችላል። ያ ብረት መኖሩ ያልተረጋገጠበት ሽጉጥ ግን መዶሻው ሁልጊዜ ባዶ ጉድጓድ ላይ ተኝቶ ይያዛል፤ ስድስት የሚጎርሰው አምስት፣ አምስት የሚጎርሰው አራት።