ብሪጅ ላይ ዝምታ ሲበዛ፦ ችግሩና መፍትሄው

ከደሴና ከኮምቦልቻ ሄደው መርከብ ላይ የሚሠሩ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ እኔ ቤት ቡና ይጠጣሉ። ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ «ለጥቂት ተረፍን!» ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መርከቧ በምትመራበት ክፍል፣ ዓመታት በተረኛ መኮንንነት ስለቆየሁ ምልክቱን ገና ሲያወሩ አውቀዋለሁ። ተረኝነት ከመቀበላችሁ በፊት የሚደረገውን መደበኛ ፍተሻ ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ራዳሩ ንጹህ ነው፣ በመስኮት ግን መብራት ይታያል

ከእናንተ በፊት የነበረው ተረኛ የራዳሩን የማዕበል ወይም የዝናብ ማጣሪያ፣ ማለትም ከሞገድና ከዝናብ የሚመጣውን ነጠብጣብ የሚያጠፋውን፣ ከልክ በላይ ከፍ አድርጎት ሄዷል። ስክሪኑ ጸዳ ብሎ ያምራል። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ግን ከእንጨት ወይም ከፋይበር የተሠራች ስለሆነች ድሮም ደካማ ምልክት ነው የምትሰጠው፣ ከነጠብጣቡ ጋር አብራ ትጠፋለች። ማጣሪያውን ዝቅ አድርጉት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀር ይሻላል።

መርከቧ ከትእዛዙ ተቃራኒ ትዞራለች

መሪ የያዘው ሰው ትእዛዙን በትክክል አልሰማም። ሳያዞር በፊት ትእዛዙን ይድገም፣ አዙሮ ሲጨርስም ይናገር። ያዘዘው ሰው ደግሞ ዓይኑን ከመሪ ማሳያው መርፌ ላይ አያንሳ። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣልያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ስትጋጭ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች መሪ የያዘው ሰው የካፒቴኑን ትእዛዝ ተሳስቶ ፈጽሟል። 32 ሰው ሞተ። የአደጋው ዋና ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። መርከቧ ወደ ደሴቲቱ እንዲህ ስትጠጋ ብሪጁ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ ካፒቴኑን በጊዜ ያስቆመው ግን የለም። ይሄ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል።

አይቷል፣ ግን አልተናገረም

በብዛት የማየው ይሄንን ነው። አንድ ሌሊት ደቡባዊ ቀይ ባሕር ላይ በ15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 15 የባሕር ማይል፣ እየሄድን ነበር። ጠባቂው፣ ማለትም ባሕሩን በዓይኑ የሚቃኘው መርከበኛ፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ታዛዥ። እኔ መዝገብ እየጻፍኩ ነበር። ከግራ በኩል ነጭ መብራት አየ። ዝም አለ። መብራቱ ባለበት ቆሞ እየጎላ ሄደ። ቆይቶ ቆይቶ «መብራት አለ መሰለኝ» አለኝ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ዓይነት። ቀና ስል ጀልባዋ አፍንጫችን ስር ናት! መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርን። ስናልፋት ጀልባዋ ላይ ቆሞ ባትሪ የሚያወዛውዝ ሰውዬ አየሁ፣ ሌላው እጁ ላይ መረቡን እንደያዘ ነበር። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ብዙ ቆየ።

ልጁን «መቼ ነው ያየኸው?» አልኩት። ከአራት ደቂቃ በፊት ነው። በ15 ኖት አራት ደቂቃ ማለት 1,852 ሜትር ነው፣ አንድ የባሕር ማይል። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» «እርስዎ ራዳር ላይ ያዩት መስሎኝ ነው።» ራዳሩ ደግሞ ቅድም እንዳልኳችሁ ነበር፣ ማጣሪያው ጣሪያ ነክቶ።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው እያለ አፍ አትክፈት ተብለን ነው ያደግነው፣ ቤት ውስጥ ያምራል፣ ብሪጅ ላይ ግን ሰው ይገድላል። ኮምቦልቻ ላይ ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ቆማችሁ እዩ። ረዳቱ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» እያለ የመኪናውን ጎን በእጁ ይመታል። ሾፌሩ አባቱ ይሆናል፣ ግን ያኔውኑ ፍሬን ይይዛል። የተናቀም የተዋረደም የለም።

ለጠባቂ፦ ምን እንዳየህ፣ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቦታ እየቀየረ እንደሆነ ጮክ ብለህ ተናገር። «መሰለኝ» አትበል። መልስ ካልመጣ ድገም። የ1972ቱ የግጭት መከላከያ ደንብ በዓይንም በጆሮም ጠብቅ ይላል፣ ራዳር ያየዋል ብለህ ዝም በል አላለም።

ለመኮንን፦ ሌላኛው መርከብ ከአንተ የሚታይበት የኮምፓስ አቅጣጫ ካልተለወጠና ርቀቱ እየጠበበ ከሆነ የግጭት ስጋት አለ። ሁለት መርከቦች በ15 በ15 ኖት ፊት ለፊት ሲመጡ በመካከላቸው ያለው ስድስት የባሕር ማይል በ12 ደቂቃ ያልቃል። ካፒቴኑ ዝም ካለ መጀመሪያ ጠይቅ፦ «ካፒቴን፣ የቀኙን መርከብ አይተዋታል?» ካልሠራ ስጋትህን ንገረው፦ «አቅጣጫዋ አልተለወጠም፣ ሰግቻለሁ።» አሁንም ካልሆነ ማድረግ ያለበትን በስሙ ጥራ፦ «ካፒቴን፣ አሁኑኑ ወደ ቀኝ!» እነዚህን ቃላት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በአፋችሁ ተለማመዷቸው። በጭንቅ ሰዓት አዲስ ቃል አይመጣም።

ለካፒቴን፦ እባክዎ አይቆጡ። አንዱን ልጅ በተሳሳተ ሪፖርት ሰው ፊት ያዋረደ አለቃ አውቃለሁ። እስከ ጉዞው መጨረሻ ማንም ምንም አልነገረውም። ቀድመው ያዩትም ቢሆን «አየሁት፣ አመሰግናለሁ» ይበሉ። ሌሊት ሲጠሩዎት ደግሞ ፊትዎን አያጥቁሩ። በከንቱ አሥር ጊዜ መነሳት ይሻላል። ወደብ ላይ ፓይለት፣ ማለትም መርከቧን ወደ ወደቡ መርቶ የሚያስገባው ባለሙያ፣ ተሳፍሯል ብለው ቡናዎን ይዘው አይቀመጡ፣ የመርከቧ ኃላፊነት አሁንም የእርስዎ ነው።

ተረኛው ያንቀላፋል

የእረፍት ቅጹ በውሸት ተሞልቷል። በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት የግድ ነው። ተረኛው ነቅቶ እንደሆነ በየ3 እስከ 12 ደቂቃው የሚጠይቀውን ማንቂያ «ይረብሸኛል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ካገኛችሁ መልሳችሁ አብሩት፣ ለካፒቴኑም ንገሩ። ይሄን በጣም ነው የምጠላው። በተረኛ ሰዓት ስልክ የሚነካካውንም እንደዚያው።

መርከቧ ወደብ ላይ በገመድ ስትታሰር የእጅ ሬዲዮው ይሞታል

ርካሽ ባትሪ ነው። ሞልቷል ይላል፣ ሁለት ጊዜ ስታወሩበት ጭጭ። ሌላ የተሞላ ባትሪ ኪሳችሁ ይግባ፣ ሥራው ሳይጀመርም ከኋላና ከፊት ካሉት ጋር ድምፅ ተሞካከሩ።